ነጭ ጠጠርን የጻፍሁበት ገጽ

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። የዓሣ ባለሙያ ነበርሁ፤ ያውም ሐይቅ በሌለበት በደጋው ደብረ ታቦር። ይህን ስላችሁ ብትስቁ አልቀየምም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ብዙ ዘመን ሲስቁብኝ ነው የኖሩት። ጠረጴዛዬ በንብ ባለሙያውና በቆዳና ሌጦ ባለሙያው መካከል ነበረች። በስብሰባ ተራዬ ሲደርስ ከመካከል አንዱ፣ «ዛሬስ ዓሣው ጉና ተራራ ላይ ወጣ ወይ?» ይላል፤ ቤቱ ይስቃል፤ እኔም ሪፖርቴን አንብቤ እቀመጣለሁ።

ዓሣው ግን ይወጣ ነበር። ጉና ላይ ባይደርስም፣ ክረምት ገብቶ የጉማራ ወንዝ ሲሞላ፣ ነጭ ዓሣ የምንለው ትልቁ የጣና ዓሣ ሐይቁን ትቶ፣ ጎርፉን ፊት ለፊት እየገፋ፣ እንቁላሉን ጠጠር ላይ ለመጣል ወደ እኛ አገር ይመጣል። ይህን አይቶ የማያውቅ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ስወጣ ቦታዬን የተረከበችው ትምህርቷን በቅርብ የጨረሰች ባለሙያ ናት። ዘንጎቹን፣ የመንጠቆ ሣጥኑን፣ የክር ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ካስረከብኋት በኋላ ስልኳን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ዓሣው የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች ይንገሩኝና ልመዝግባቸው» አለችኝ።

«አላውቃቸውም» አልኋት።

ፊቷ ተለወጠ። ዕድሜውን ሙሉ ወንዝ ለወንዝ ሲዞር የኖረ ሰው አላውቅም ሲል ንፉግ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ንፉግ አይደለሁም። ለምን እንደዚያ እንዳልሁ ግን በር ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍሁት።

ሥራ የጀመርሁት እብናት ነው፤ በከብት እርባታ። በገበያ ቀን የበሬ ጥርስ እያየሁ ዕድሜ መገመት የተማርሁት እዚያ ነው። አለቃዬ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ነበር። ከዚያ ወደ ገሳይ ተዛወርሁ፤ እዚያ ደግሞ አለቃዬ ሁሉን አንብቦ ምንም የማይፈርም ሆነ። በሁለቱ መካከል ብዙ ወረቀት ባክኗል። ደመወዙንማ ተዉት፤ ስለ ደመወዝ የሚያወራ ጡረተኛ ሞልቷል። ከገሳይ ብርድ ያወጣኝ ለዓሣ ሥልጠና አንድ ሰው ላኩ የሚል ደብዳቤ ነው። ሌላ ፈቃደኛ አልነበረም፤ እኔ ሄድሁ። ሐይቅ ዳር ጥቂት ወራት ተምሬ፣ መጠቅለያ ያለው ዘመናዊ ዘንግ ተሸክሜ፣ የዓሣ ባለሙያ ተብዬ ደብረ ታቦር ገባሁ።

አያ ፈንቴን ያገኘኋቸው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጉማራ ዳር ነው። ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ከእርሻው በተረፋቸው ጊዜ በመንጠቆ ያጠምዳሉ። መረብ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። እኔ በዚህ ዳር ዘንጌን ዘርግቼ፣ እሳቸው በማዶ ሸምበቆ ይዘው ተቀምጠናል። አንድ ትልቅ ዓሣ ያዘልኝ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ልቤ ዘለለ፤ ክሩ ጧ ብሎ ሄደ። አዲስ፣ ጠንካራ ክር ነበር። ክሩን የሠራውንም የሸጠውንም ስራገም ከማዶ ሰሙኝ።

«ጌታው!» አሉኝ። «ክሩ ምን አደረገዎት? ጫፉን እስቲ ይዩት።»

አየሁት። ጫፉ እሳት እንደነካው ጠጉር ተጠቅልሏል። ነገርኋቸው።

«እንግዲያማ የከዳዎት ቋጠሮው ነው። በደረቁ አጥብቀውታል። ይምጡ ወዲህ።»

ሱሪዬን ጠቅልዬ ወንዙን ተሻገርሁ። ያን ዕለት እስኪመሽ ቋጠሮ ሳስር ዋልሁ፤ ማምሻው ላይ አንቱታውን ትተው አንተ አሉኝ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከሳቸው አልተለየሁም።

አስተሳሰራቸው ይህ ነው። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ያሳልፋሉ፤ ጫፉን በዋናው ክር ላይ ስድስት ጊዜ ይጠመዝዛሉ፤ ከዚያ መልሰው ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በቀረችው ቀለበት ያስገቡታል። ከማጥበቃቸው በፊት አፋቸው ውስጥ ከተው በምራቅ ያርሱታል፤ ቀስ አድርገው ይስቡታል። ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይግላል፤ የጋለበት ቦታ ይደክማል፤ ዓሣው ሲጎትት ከዚያው ላይ ይሄዳል። የሥልጠናው ደብተርም ይህን ይል ነበር፤ እኔ ግን ያመንሁት ከሳቸው አፍ ስሰማው ነው። ቋጠሮው ሲያልቅ ድንጋይ ያንጠለጥሉበትና አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። እስከ አሜን ከጸና ወደ ውሃ ይገባል። «ምራን አጥብቆ የማያውቅ እጅ መንጠቆ አያስርም» ይላሉ፤ ምራን ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር ነው።

አመላቸው ብዙ ነው። ጥላቸው ውሃ ላይ እንዲያርፍ አይፈቅዱም፤ ለዚህ ሲሉ ጠዋት በአንዱ ዳር፣ ከሰዓት በሌላው ዳር ይቀመጣሉ። ወደ ውስጥ የሚይዘውን የመንጠቆውን ጥርስ በድንጋይ ደፍጥጠው ያጠፉታል። ለምን ስላቸው፣ «የምመልሰውን ስመልስ አፉን እንዳልቀደው» አሉኝ። ዓሣ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ያርሳሉ። ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ ከያዙ ፊቷን ወደ ላይኛው ውሃ አዙረው፣ እስክትበረታ ደግፈው፣ ይለቋታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን መጀመሪያ የያዙትን ዓሣ ሆድ ሰንጥቀው ማየታቸው ነበር።

«እኔ ምን አውቄ» ይላሉ። «እሱን ልጠይቀው እንጂ።»

ሆዱ ውስጥ ፌንጣ ካለ ፌንጣ ይሰካሉ። ትንንሽ ዓሣ ካለ ማንኪያውን ያወጣሉ። ማንኪያ የምንለው ከአሮጌ ማንኪያ ተቆርጦ፣ በሁለት ጫፍ ተበስቶ፣ በአንዱ በኩል መንጠቆ የታሰረበት ብረት ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲሳብ እየተገለባበጠ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ውሃው ሲደፈርስ ትልቁንና የሚያብለጨልጨውን ይመርጣሉ፤ ኅዳር ላይ ሲጠራ ግን በጭስ ያጠቆሩትን ትንሹን። በጠራ ውሃ ውስጥ ሲበዛ የሚያብረቀርቅ ነገር ውሸት መሆኑን ዓሣም ያውቃል ባይ ናቸው። አሳሳቡም እንደዚያው ነው፤ ሦስት ጊዜ ይስባሉ፣ ይተዉታል፣ ማንኪያው ሊሰምጥ ሲል እንደገና ይስባሉ። ዓሣው የሚመታው በተዉት ጊዜ ነው። እኔ ይህችን መተው ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ችኩል ሰው ነበርሁ።

እሳቸው ለእኔ የሰጡኝን እኔ ለሌላው ሰጠሁ። የቅዳሜ አጥማጆች የምንላቸው ነበሩ፤ አንድ ሐኪም፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ አንድ የመንገድ መሐንዲስ፣ አንዳንዴም ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች። ለመዝናናት ነው የሚያጠምዱት፤ የያዙትን አብዛኛውን ይለቁታል። ሐኪሙ ሰው ሲሰፋ የሚውል እጅ ይዞ ቋጠሮው እምቢ ሲለው አያ ፈንቴ ይስቁበታል። «ዶክተር፣ እኔ የታመምሁ ቀን ለሌላ ሐኪም ይስጡኝ» ይሉታል። የሥራ ዘመኔ ደግ ቀኖች እነዚያ ቅዳሜዎች ናቸው። ብዙ አልነበሩም።

አሁን ወደ ነጭ ጠጠር ልግባ። ከአያ ፈንቴ መንደር በላይ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ተሂዶ፣ ወንዙ ተጠማዝዞ የሚሰፋበት፣ ወለሉ ንጹሕ ጠጠር የሆነ ቦታ ነው። መጀመሪያ የወሰዱኝ በፍልሰታ ጾም ነው፤ ዘንጌን ቤት አስቀምጠውብኝ። ዳሩ ላይ ተቀመጥን። ቀድሜ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ሴቶች ድንጋይ ላይ ልብስ ሲመቱ የሚሰማ ዓይነት። ከዚያ ጀርባዎቻቸው ታዩኝ፤ ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ጠጠሩን በጅራታቸው እየጠረጉ። አለቀስሁ። ያን ያህል ዘመን ሲሳቅብኝ የኖርሁለት ነገር እውነት ሆኖ ከፊቴ ሲንቦጫረቅ ባለቅስ ምን ይገርማል?

«ሱባኤ ገብተዋል» አሉኝ በሹክሹክታ።

ሰው ለፍልሰታ ገዳም ገብቶ እንደሚጸልየው ማለታቸው ነው። ከጾሙ መግቢያ እስከ መስቀል ድረስ ከመንደሩ ሰው ወደ ነጭ ጠጠር የሚወርድ የለም። ከብት አይጠጣበትም፣ ልብስ አይታጠብበትም። መንጠቆም ሆነ መረብ አይነሣም። ብርብራማ ጨርሶ አይታሰብም፤ ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣን አስክሮ የሚገድል ዛፍ ነው። ይህን ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም። ሕጉም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሱባኤ የገባን ማን ይረብሻል? በዚህ ብቻ ስንት ዘመን ተጠብቆ ኖሯል።

የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን ሥራ ማሳየት የሚወድ ሰው ነበር። «ለመዝናኛ አጥማጆች መመሪያ አዘጋጅ፤ እንግዳ እንስብበታለን» አለኝ። ሳይስቅ ያነጋገረኝ የመጀመሪያው አለቃ ስለሆነ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወራት ሙሉ ጻፍሁ፤ ቋጠሮውን፣ ማንኪያውን፣ ፌንጣውን፣ በየወሩ የሚስማማውን። ወንዙን በእጄ ሣልሁት። በመጨረሻው ገጽ ላይ ማጥመድ የተከለከለበት ብዬ ነጭ ጠጠርን አስገባሁ፤ በየት በኩል እንደሚኬድ፣ ዓሣው በየትኛው ሳምንት እንደሚሞላበት፣ ውሃው ከጉልበት እንደማያልፍ፣ ሁሉንም።

ረቂቁን ለአያ ፈንቴ ወስጄ አነበብሁላቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ቋጠሮው ጋ ስደርስ ሳቁ። ፌንጣው ጋ አረሙኝ። መጨረሻው ገጽ ላይ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ይሄን ተወው» አሉኝ።

«ክልክል ነው እኮ ነው የሚለው፣ አያ። መንግሥት ካወቀው ይጠበቃል።»

«አገሩ ሳይጻፍ ጠብቆታል። እንግዳ ሰው ክልክሉን ሲያነብ መንገዱንም አነበበ ማለት አይደለም? ተወው፣ በእኔ ሞት።»

«እሺ» አልኋቸው።

ደብረ ታቦር ተመልሼ ገጹን ባወጣው መመሪያው ጎዶሎ መሰለኝ። ዓሣውን ለመጠበቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይህ ነው፦ ያ ሁሉ ሲስቅብኝ የኖረ ሰው፣ እሱ የማያውቀውን እኔ እንደማውቅ እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ገጹን መለስሁት። ኃላፊው አገላብጦ «ጎበዝ!» አለኝ። ተባዛ፤ ለየወረዳው፣ ለየእንግዳ ማረፊያው፣ ለጠየቀ ሁሉ ታደለ።

በመጀመሪያው ነሐሴ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ኮራሁ። በሁለተኛው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የአያ ፈንቴ ልጅ ብርቄ ደወለች። «ጋሼ፣ አባባ ቶሎ ይምጡ ይላሉ» ብላ ዘጋችው።

ስደርስ ወንዙ ጸጥ ብሏል። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆድ ነው። ጎሕ ሲቀድ በጭነት መኪና የመጡ ሰዎች ከላይ ብርብራ በትነው፣ ከታች መረብ ዘርግተው፣ የቻሉትን ጭነው ሄደዋል። መረቡ ያልያዘው እዚያው ቀርቷል። ከሰዎቹ አንዱን መንደርተኛው ይዞት ዛፍ ሥር አስቀምጦታል። አያ ፈንቴ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው የሞቱትን አንድ በአንድ እያነሡ ዳር ያስተኛሉ። ከአንዳንዶቹ እንቁላል በእጃቸው ላይ ይፈስሳል፤ በጣታቸው እየሰበሰቡ ወደ ጠጠሩ ሊመልሱት ይሞክራሉ። እኔም ልረዳቸው ጫማዬን ሳወልቅ ቀና አሉ።

«አንተ አትግባ» አሉኝ።

ወጡ፤ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከተያዘው ሰውዬ የተገኘ ነው። የመመሪያዬ የመጨረሻ ገጽ ፎቶ ኮፒ ነበር።

«ማንበብ አልችልም» አሉኝ። «ወንዜን ግን አውቀዋለሁ። ይሄን ማን ነው የሣለው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬዎት ነበር።»

ወረቀቱን እጄ ላይ አድርገው ወደ ውሃው ተመለሱ። እኔ ዳር ቆሜ፣ ባዶ እግሬን፣ እስኪጨርሱ አየሁ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት አላናገሩኝም።

ለመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ጻፍሁ። መንገዱን ያሳየው የእኛው መመሪያ ነው የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ኃላፊው «ይቺን አውጣት» አለኝ፤ አወጣኋት። በዚህም አፍራለሁ። ቅዳሜዎቹም ብዙ አልቆዩም። ሐኪሙ ተዛወረ፤ መሐንዲሱ ሥራው አልቆ ሄደ፤ መንገዱ እየተዘጋ ሲሄድ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ቀረ። ዘንጎቹ ከጠረጴዛዬ ጀርባ አቧራ ለበሱ፤ ስለ ዓሣ የሚቀልድብኝ እንኳ ጠፋ። ሳቃቸው ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ዓመት ሽማግሌ ላክሁ፤ የደብሩን አስተዳዳሪ ቄስና ሁለት አዛውንት። እኔም እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ ከደጃቸው ወደቅሁ። አያ ፈንቴ ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረዱልኝ። «እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉ። ቄሱ መረቁ፤ ጠላ ተቀዳ፤ ሁሉም እንደ ሥርዓቱ ሆነ። ሲሸኙን ግን በር ላይ ቆመው ሽማግሌዎቹን፣ «በእኔና በሱ መካከል እናንተ ገባችሁ። ለዓሣው ማን ሽማግሌ ሊሆንለት ነው?» አሏቸው።

በዚያው ሰሞን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ሐኪም ቤት ልውሰድዎት ብል፣ «የማየውን አይቻለሁ» ብለው እምቢ አሉ። ነሐሴ ሲገባ ግን አስጠሩኝ።

«ነጭ ጠጠር ሂድና እይልኝ። መጥተው እንደሆነ።»

ሄድሁ። ጠጠሩ አለ፤ ውሃው ይፈስሳል፤ ሌላ ምንም የለም። ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቄ ስመለስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ኮቴዬ አዞሩ።

«መጥተዋል» አልኋቸው። ያን የጨለመ ዓይን እያየሁ ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

«ብዙ ናቸው?»

«እንደ ድሮው አይደሉም። ግን አሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተመስገን አላሉም፤ ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም። በቀጣዩ ዓመትም ላኩኝ፤ እንደዚያው ዋሸሁ፤ ቁጥሩንም ትንሽ ጨመርሁበት።

ሦስተኛው ነሐሴ ላይ ከወንዙ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ውሸቴን እያዘጋጀሁ መጣሁ። ደጃፋቸው ስደርስ ደከመኝ።

«አልመጡም፣ አያ» አልኋቸው።

«አንድም?»

«አንድም። አምናም ካቻምናም አልነበሩም። ዋሽቼዎት ነው።»

ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ከዚያ፣ «አውቃለሁ» አሉ። «አንተን ከመላኬ በፊት ብርቄ እየመራች ትወስደኛለች። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መች ሞተ? ሲኖሩ ይሰማሉ።»

«ታዲያ ለምን ይልኩኛል?»

«እሺ ብለህ የዋሸኸኝ ቀን ጠፍተህብኛል። ዓሣው የእግዜር ነው፤ ይመልሰው፣ ይተወው፣ እሱ ያውቃል። አንተ ትመለስ እንደሆነ ነው ስጠብቅ የኖርሁት።» እጃቸውን ዘርግተው እጄን በዳበሳ አገኙት። «የሽማግሌዎቹ ቀን የታረቀህ አፌ ነው። አሁን ታረቅን።»

በቀጣዩ ጥር ላይ ዐረፉ። እኔም በሰኔው ቢሮዬን አስረከብሁ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ነጭ ጠጠር ወረድሁ። ጆሮዬን ሰጥቼ እስከ ማምሻው ድረስ ተቀመጥሁ። አልመጡም። ስመለስ በአያ ፈንቴ ደጃፍ አለፍሁ፤ ብርቄ በር ላይ ቆማ ነበር።

«እንዴት ዋሉ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

«ደኅና» አልኋት።

መጥተው እንደሆነ እስክትጠይቀኝ ትንሽ ቆምሁ። አልጠየቀችኝም።